ከዝግባው ላይ የጮኸችው ጉጉት

"ቁረጠው፣ ያለው! ምን ትጠብቃለህ?!"

ባህሩ አንባረቀ… ያለው የተባለው ጎረቤቱ መጥረቢያውን አነሳ…

"ወላሂ አትነኩትም!"

ወፍ መመልከት የምትወደው የሰፈሩ ልጅ ሁዳ ሮጣ መጥታ ከዝግባው ግንድ ጋር ተለጠፈች። አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽሯ ተንጠልጥሏል።

መካነ ሰላም ከተማ፣ መናፈሻው ውስጥ ነው…

ሰሞኑን ሲመሻሽ ከዚህ ዛፍ ጉጉት ትጮሃለች። ጉጉት ከጮኸች ሰው ለሞት ትጠራለች ይባላል አይደል?

ከአጥሩ ማዶ የባህሩ እናት እማማ በዛች ታመው ተኝተዋል። "የምትጠራው እኔን ነው" ብለው እህል መቅመስ ትተዋል!

"እናቴ እየሞተች አንቺ ወፍ ታያለሽ?!" አላት ባህሩ።

"እሺ፣ ጉጉቷን አሳየኝ!"

"ቀን ትደበቃለቻ!"

"ከእኛ እንጂ ከወፍ አትደበቅም! ጉጉት ባለችበት ዛፍ ትናንሽ ወፎች ከበው ይጮሁባታል። እስኪ ድንቢጦቹን እዩአቸው… ተዝናንተው ላባቸውን ያበጥራሉ! ከሥሩም ኩስ የለ፣ የምትተፋው የአይጥ ፀጉርና አጥንት የለ!"

"ድምጿንስ ሁላችንም አልሰማንም?" አለ ያለው።

"እሱም የአገራችን ጉጉት ድምፅ አይደለም። ስልኬ ላይ አመሳክሬዋለሁ… የአውሮፓ ጉጉት ነው!"

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። "እኛ ቪዛ አጥተን ቁጭ ብለናል፣ ጉጉት ከአውሮፓ መጣች በይና!"

ሁዳ ደሟ ፈላ። መነጽሯን አንስታ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈለገች… ፈለገች…

"ያውላችሁ ጉጉታችሁ!"

ቅጠሉ መሃል በሽቦ የታሰረ… የብሉቱዝ ስፒከር!

"የማን ነው?" ሰው እርስ በርሱ ተያየ…

ድንገት ዛፉ ዘፈነ! ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው የባህሩ የስልክ ጥሪ…

ባህሩ ኪሱን በእጁ አፈነ። ድምፁ ግን የሚመጣው ከላይ ነው!

ያለው ስልኩን ነጥቆ አየው… "እማዬ" ይላል። አነሳው።

የእማማ በዛች የደከመ ድምፅ ከዝግባው ላይ ወረደ…

"ባህሩ ልጄ… ዛፉን ተወው። እኔ እንደሁ ተጠርቻለሁ… ሲወድቅ አንተን እንዳይጎዳብኝ…"

መስመሩ ተቋረጠ።

ለካ ባህሩ ቦታውን ለጁስ ቤት ብሎ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቆ "ዛፍ አይቆረጥም" ተብሎ ኖሯል! ጉጉት አለች ከተባለ ሕዝቡ ራሱ ይቆርጥልኛል ብሎ ነው ስፒከሩን የሰቀለው…

"እናቴ ትደነግጣለች ብዬ አላሰብኩም…" አለ።

"እህል መቅመስ ሲያቆሙስ?!" ሁዳ ጮኸችበት። "ያኔስ ለምን አላጠፋኸውም?!"



ሁዳ ስፒከሩን አስወርዳ ወደ እማማ በዛች ቤት ገሰገሰች። "እማማ፣ የጠራዎት ይሄ ፕላስቲክ ነው! በሉ ይነሱ፣ ይብሉ!"

እማማ በዛች አገላብጠው አዩት…

"የማን ነው ልጄ?"



ወገን… የምንፈራውን ነገር ቀና ብለን ስለማናየው፣ ልበ ደንዳናው ይነግድበታል። አንዳንዱ እናቱን እንኳ አይምርም!

እናንተ ሁዳን ብትሆኑ… ለእናትየው ምን ብላችሁ ትመልሱላቸው ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።