ወለሉ ላይ አለ፣ ታች የለም

«ይቺ ልጅ መኪኖቹን ትታ ውሃውን የምታየው ለምንድን ነው?»

የሚኒባሱ ሹፌር ማንንም ለይቶ አልጠየቀም። መሪውን በጣቶቹ እየመታ ለራሱም ለእኛም ተናገረው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሻርፔን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። መልሱን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። የማውቀው ልጅቷ ልጄ መሆኗን ነው።

ቀኑ የፈተናዋ ቀን ነበር። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ሽማግሌ አስጫኝ ሥር ሆና መኪና ወደ ጀልባ ማስገባት ስትማር ቆይታ፣ ለብቻዋ የምትጭነው ገና ያን ዕለት ነው። «ጭኜ ስጨርስ ሽማግሌው አብረውኝ ከተሻገሩ ገና ነሽ ማለታቸው ነው» ብላኝ ነበር በዋዜማው። «ወርደው እዚህ ከቀሩ ግን ሥራው የእኔ ሆነ።» ቀጥላም «አንቺ ደግሞ እንዳትመጪብኝ፣ እማ። ስትጨነቂ እኔም እጄ ይተሳሰራል» አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግሥቱ ከውሃው ማዶ ያለችው እህቴ በጣም ናፈቀችኝ።

ሚኒባሳችን የሰልፉ መጨረሻ ናት። ቁልቁል ወደ ውሃው በሚወርደው ሲሚንቶ ላይ ስለቆምን ሁሉም ነገር ከፊታችን ይታያል፤ መወጣጫው ብረት፣ የጀልባዋ ወለል፣ የገመድ ጥቅል ላይ እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ልጄ ከሰፋት ብርቱካናማ ሰደርያ ጋር። አንድ ሰሌዳም አለ። ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሰሌዳ አያመልጠኝም። ቀስ እያልኩ ሄድኩበት፦ ሰንሰለቱ ከተዘጋ በኋላ መግባት ክልክል ነው። ደግ ሕግ ነው አልኩ በልቤ።

ጆንያ እስከ አፉ የጫነ መኪና ገባ። ልጄ በእጇ እየጠራች አስጠጋችው፣ በቀኝ በኩል አቆመችው፣ ጎማው ሥር ታኮ ወሸቀችበት። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ሄዳ አጎነበሰች። ቀጣዩ መኪና እዚያው ኋላው ሊቆም ሲል በመዳፏ ወደ ግራ መለሰችው። እንደገና ወደ ጠርዙ ሄደች።

«ዓሣ ልታጠምድ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ። ከኋላ ያሉት ሳቁ።

እኔ ግን እሷ የምታይበትን ማየት ጀመርኩ። በጀልባዋ ጎንና ጎን፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ነጭ መስመር ተቀብቷል። ጆንያው በገባበት በኩል መስመሩ ወደ ውሃው ወርዷል። የግራው መኪና ሲቆም ደግሞ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሌላ መኪና ገባ፤ መስመሩ በሁለቱም በኩል ትንሽ ዝቅ አለ። ለካ ውሃው መስመሩን እንዳይሸፍነው ነው የምትጠብቀው። ትንሽ ልጅ ሳለች በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ ሳህን አንሳፍፋ ቆርኪ ትጭንበት ነበር። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ሳፋውን ልነጥቃት ስል «ቆይ እማ፣ አንድ ይገባል» ትለኛለች።

ተራችን ደረሰ። ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ልጄ ጠርዙ ላይ አጎንብሳ ቆየች፤ ቀና ስትል መዳፏ ወደ እኛ ተዘርግቷል። ቁም።

«ምን ቁም ትለኛለች? ቦታው ያውና!» እውነቱን ነው። ለእኛ የሚበቃ ባዶ ቦታ ከሩቅ ይታያል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንቺ! ዓይንሽ ውሃ ውስጥ ወደቀ?» ሲላት አላስቻለኝም።

«ተዋት፣ ሥራዋን ትሥራበት! ልጄ ናት!»

ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። የሹፌሩ ፊት ግን በራ። «እንዲህ ይበሉኛ፣ እናቴ! እስካሁን ምን ያስደብቅዎታል?» ጡሩንባውን ነፋ። «እናትሽን ይዤልሻለሁ እኮ!»

ልጄ አየችኝ። ሻርፑ አላዳነኝም። ሽማግሌውም አዩኝ፤ ከዚያ እሷን አዩ። የምገባበት ጉድጓድ ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሰንሰለቱን ከኋላዋ ዘግታ ወደ መስኮታችን መጣች። «አይሆንም» አለችው። «ስንመለስ ትገባለህ።»

«ቦታው አለ እኮ፣ እህቴ።»

«ወለሉ ላይ አለ። ታች የለም።»

«እሺ፣ እሳቸውን እንኳ በእግራቸው አስገቢያቸው። አንዲት እናት ምን ትከብዳለች?»

«አንተ አታውቃትም» አለች። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ሰደርያዋን ጫፉን ይዛ ትጠመዝዘዋለች። «እማ…»

ምን ልትለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀደምኳት። «ሰንሰለቱ ተዘግቷል» አልኳት። «ሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁ።»

ጫፉን ለቀቀችው።

«ሂጂ» አልኳት። «ግን ጠርዙ ላይ ያን ያህል አታጎንብሺ።»

«እማ!» አለችና ሮጠች።

ከመኪናው ወርጄ እስከ ውሃው ድረስ ሄድኩ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ መወጣጫው ብረት ሲጢጥ እያለ ተነሳ። ነጩ መስመር ከውሃው በላይ ጣት የምታህል ቀርታለታለች፣ በግራም በቀኝም እኩል። ጀልባዋ ስትርቅ የገፋችው ውሃ መጥቶ ጫማዬን አራሰው። ልጄ ከሰንሰለቱ ኋላ ቆማ አሁንም ወደ ታች ታያለች።

ከጎኔ ሰው አሳለ። ሽማግሌው አስጫኝ ናቸው። ሰደርያቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ እንደ እኔ መስመሩን ያያሉ። መቼ እንደወረዱ አላየሁም።

ልጄ ሄደች። እኔና እሳቸው ቀረን።