ጸናጽሉ በዛ

ደምለው ማዳመጫውን ሲመርጥ አልተቸገረም። አዲስ አበባ ያለው ሠሪ አንሙት፣ ያሉትን ዓይነቶች በስልክ ነገረው። ከበሮን የሚያጎላ አለ፣ ድምፅን የሚያለሰልስ አለ፣ ምንም የማይጨምርና የማይቀንስም አለ።

«የማያዳላውን» አለ ደምለው። «እውነቱን ብቻ የሚነግረኝን።»

እውነቱን የሚነግረው አጥቶ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው የሠራቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጂዎች ተመልሰውበታል። የመለሷቸው ሰዎች አይተዋወቁም፤ ቃላቸው ግን አንድ ነው። ጸናጽሉ በዛ፣ ጆሮ ይበሳል። አሁን እጁ ላይ ያለው የዲማው የኔታ ወልደ ሰንበት ወረብ ነው። ይህም ከተመለሰ ስቱዲዮው ይዘጋል፤ ዕድሜውን የጨረሰበት ሙያም አብሮ ያበቃል።

ደምለው ጥፋቱን ያገኘው ከአሮጌው ማዳመጫ ነበር። ጸናጽሉን እየደበቀበት፣ እሱም ፈልጎ ላውጣው ሲል እያጋነነው ነው። ስለዚህ በራሱ ጆሮ ልክ የተሠራ፣ የማይዋሽ ማዳመጫ ያስፈልገዋል። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ወዳጁ በሁለቱም ጆሮዎቹ ለስላሳ ነገር ሞልቶ ቅርጻቸውን አወጣለት። ቅርጹን ለአንሙት የሚያደርሰው ታናሽ ወንድሙ ይታያል ሆነ። ይታያል በስቱዲዮው ውስጥ ከበሮ መቺም፣ ገመድ ጠቅላይም፣ ሁሉም ነገር ነው።

የይታያል ሁኔታ ግን ሰሞኑን አላማረውም። ጓሮ ቆሞ ከአንሙት ጋር በስልክ ሲንሾካሾክ ደረሰበት፤ ሲያየው ዘጋው። ሌላ ቀን ደግሞ ያላለቀውን ወረብ ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ አገኘው።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«እንዲያው ለመጠባበቂያ ነው፣ ጋሼ።» ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም።

ሊሄድ በተነሣበት ማለዳም በሩ ላይ ቆሞ ያልተለመደ ጥያቄ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ወፎቹን ትሰማቸዋለህ?»

«የምን ወፍ? ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ የት አሉና።»

ይታያል የአጥሩን አናት አየት አደረገና ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

በማግሥቱ ደምለው ማይክ ሲሞክር፣ ሚስቱ ታየች መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ትጠርግ ነበር። መቅጃ ማሽኑን እንዳስጀመረ ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኖ በድምፅ ማጉያው ጠየቃት።

«ይታያል ያን ፍላሽ ምን አደረገው?»

ታየች መጥረጊያዋን አቆመች። ከማይኩ ሥር አቀርቅራ፣ «አትቆጣ እንጂ፣ ወረቡን ለአንሙት ሸጠው» አለች።

ደምለው አሮጌውን ማዳመጫ ከጆሮው መንጭቆ ወረወረው። ሌላ መስማት አልፈለገም። በመስተዋቱ ማዶ የሚስቱ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ስትወጣ ዓይኑን ማየት አልቻለችም። እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንዳቸውም አላነሱትም፤ እሱም በሆዱ ያዘው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገው ወንድሙ፣ የመጨረሻ እንጀራውን ለሰው ሸጦበታል።

ይታያል ማዳመጫው እስኪያልቅ አዲስ አበባ ሰነበተ። ሲመለስ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ላይ ተበላሸ። አመሻሹ ላይ ደምለው የስልኩን መብራት አየ፤ የወንድሙ ስም ነው። ስልኩን በፊቱ ደፋው። ብርሃኑ በጠርዙ በኩል ታይቶ ጠፋ፤ ቆይቶ እንደገና በራ።

«የሸጠበትን ይብላ» አለ ደምለው፣ አላነሳውምም።

ይታያል መኪና የሚልክለት ሲያጣ የደጀንን አቀበት በእግሩ ጀመረው። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ገጨው። ሬሳውን ያመጡት ሰዎች ከጃኬቱ ኪስ ያገኙትን ትንሽ ሣጥን ለደምለው ሰጡት። ሣጥኑ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ደምለው አለቀሰ፤ ወንድሙ ነዋ። ግን እንባው መሐል ያች የሚስቱ ቃል እየመጣች ታደርቅበት ነበር። የሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ነውር መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም አልለቀቀውም።

ከአርባው በኋላ የኔታ ወልደ ሰንበት መጡ።

«ሐዘን ላይ መሆንህን አላጣሁትም፣ ልጄ። ግን በዓሉ ደረሰብን። ወረቡ እንዴት ሆነ?»

«ይደርስልዎታል፣ የኔታ።»

ሸኝቷቸው ሲመለስ ሣጥኑን ከፈተ። ማዳመጫዎቹ ምንም ሳያስቸግሩ ጆሮው ውስጥ ገጠሙ። ወረቡን አስጀመረ፤ ጸናጽሉ ሲገባ ከወንበሩ ተነሣ። እውነትም ይበሳል። ይህን ነበር ለሰው ሲሰጥ የኖረው። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ከወንድሙ ከበሮ ሥር አስቀመጠው።

የኔታ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አሁን ማኅሌት ቆምኩ» አሉት።

ደምለው እፎይ አለ። ስቱዲዮው አይዘጋም። የማያዳላውን መምረጡ ትክክል ነበር። አንሙትን ሊያመሰግን ስልኩን አንሥቶ ተወው፤ ከሌባ የገዛ ያው ሌባ ነው።

ማዳመጫዎቹ በዚያው ጆሮው ላይ እንዳሉ፣ ማሽኑ ውስጥ የተከማቹትን የሙከራ ቅጂዎች እየከፈተ ይደመስስ ጀመር። አንዱ ላይ የመጥረጊያ ድምፅ መጣ፤ ወለሉን ሲፍቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከአጥሩ በኩል ወፎች ይንጫጫሉ። ደምለው ቀና አለ። የራሱ ጥያቄ መጣ፣ ከዚያ የሚስቱ ድምፅ።

«አትቆጣ እንጂ፣ ወረቡን ለአንሙት ሰጠው፤ ‹ጋሼ ጸናጽል መስማት ተስኖታል፣ እንዳይሸማቀቅብኝ ምንም ሳትነግረው የሚጎድለውን ከዚህ ለክተህ በጆሮው ልክ ሥራለት› ብሎ።»