የገዛኸኝ ጓንት

ገዛኸኝ የሚሉት በረኛ ኳስ ባዳነ ቁጥር እሱ ጥርሱን ያፋጫል። የሊጉ መሪ፣ ዘንድሮ ገና ሊጉን የተቀላቀለ የክፍለ ሀገር ቡድን ማሸነፍ እንዴት ያቅተዋል? ሕፃን ልጅ የሚገምተው ጨዋታ ነበር። ትናንት ሌሎቹ ግምቶቹ በሙሉ ይዘውለት፣ የቆረጠውን ቤቲንግ ለመብላት የቀረው የመሪው ማሸነፍ ብቻ ነው። ይኸው አሁን ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ነው።

«ገዛኸኝ ዛሬ ጉድ ሠራቸው እኮ» አለ አጠገቡ የተቀመጠው።

«አፍህን ዝጋ» አለው።

በባከነ ሰዓት የመሪው አጥቂ ሰብሮ ሲገባ፣ ገዛኸኝ እግሩ ስር ተወርውሮ ጠለፈው። ሪጎሬ ተሰጠ። ገዛኸኝ ግን ትከሻው ወልቆ መነሳት አቃተው። እሰይ፣ የእጁን አገኘ። እሱ ገና አሁን ተነፈሰ።

አሰልጣኙ ዞሮ አፈጠጠበት። «ምን ይጎልትሃል? ቱታህን አውልቅና ግባ እንጂ።»

ዓመቱን ሙሉ ተሰልፎ ስለማያውቅ ጓንቱን እንኳ ሆቴል ትቶት ነበር የመጣው። ገዛኸኝ ቃሬዛው ላይ እንደተኛ የራሱን ጓንት በጥርሱ እየጎተተ አወለቀለት።

«ይሄ ሰውዬ ሁሌ በግራህ በኩል ነው የሚመታው። አደራ፣ ወንድሜ።»

አጥቂው ተንደረደረ። እሱ ሆን ብሎ በቀኙ ተወረወረ።

አጥቂው ለዛሬ ሐሳቡን ቀይሮ ኖሮ፣ ኳሷ መጥታ እቅፉ ውስጥ ገባች።

ጓደኞቹ ተሸክመውት ሜዳውን ሲዞሩ በንዴት አለቀሰ። ሁሉም የደስታ መሰላቸው።