የጋቢው ጫፍ

የሺጥላ ክርኖቹን የሽመና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተክሎ እንደገና ገፋ። ደረቱ ትንሽ ቀና አለ። ጭኖቹ ግን የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዙትም፤ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ከመርገጫዎቹ መሃል ተቀርቅሯል። ከፊቱ ሸማው የሚጠቀለልበት እንጨት ደረቱን ተጭኖታል፣ ከኋላው የአፈሩ ግድግዳ ነው።

ጉድጓዱን ራሱ ነው በጉርምስናው የቆፈረው። ዕድሜውን ሁሉ አፋፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ለአንኮበር ሰው ጋቢ ሲሠራ ኖሯል። ክረምቱን ጉልበቴን ብሎ አልጋ ላይ ከረመ። ዛሬ ገና ድሩን ወጥሮ መቀመጡ ነበር፤ ልነሣ ሲል ተንሸራተተና እግሩ ብቻ በነበረበት ቦታ ሙሉ ሰውነቱ ገባ።

መደቡ ላይ ስልኩ ጮኸ። እጁ አይደርስም። ቢደርስም አያነሣውም።

ሔራን ናት፣ ልጁ። ደብረ ብርሃን ፊዚዮቴራፒ ትሠራለች። ባለፈው መጥታ ጭኑን ጨበጥ አድርጋ ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

«አባዬ፣ ጡንቻ ገመድ ብቻ አይደለም። ሲሠራ ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ መልእክት በለው። ለልብ ይደርሳል፣ ለአጥንት፣ ለአንጎል ሳይቀር። ስትተኛ መልእክቱ ይቋረጣል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ቶሎ ነው የሚብሰው።»

«ዕድሜ ልኬን የረገጥኩት የት ገባ? እሱ አልላከም?»

«ያኔ የላከውን ያኔ ኖርክበት። አሁን ከዱካ መቀመጫህ ላይ ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ ተነሥ። በየቀኑ።»

«እንግዲህ መልእክቱ ሲደርስ ይደወልልኛል» ብሎ አሾፈባት። ዱካው ላይ ግን አንድ ቀንም አልሞከረው። እሱን ማን እንደ ሕፃን ቁጭ ብድግ ያሰኘዋል!

ስትሄድ ያለችው ግን ከጆሮው አልወጣም። «ወድቀህ ካገኘሁህ ጉድጓዱን አስደፍኜ ነው ይዤህ የምሄደው።» ወደ ኮንዶሚኒየሟ፣ ቴሌቪዥን ፊት ልታስቀምጠው። እዚህ ቢሰድቡትም ሸማኔ ብለው ነው። እዚያ ማን ብለው ይጠሩታል?

ስልኩ ዝም አለ።

«ቤቶች!» አለ ድምፅ ከደጅ።

የሺጥላ ትንፋሹን ዋጠ። ከሰው ሁሉ ባየው!

ባየው ግድግዳ የሚጋሩት ባለሱቅ ጎረቤቱ ነው። አንድ የማርያም ማኅበር ይጠጡ ነበር። አንድ ኅዳር ላይ ጽዋው ከየሺጥላ ከንፈር ተነሥቶ ባየው እጅ ገባ፤ ባየው የጋቢውን ጫፍ አነሣና የጽዋውን አፍ ጠርጎ ጠጣ። ያ ሁሉ ሰው አየ፤ ትንፍሽ ያለ የለም። ቁጢት በጣሽ እያሉ የሚሰድቡት የሸማኔ አፍ የነካው ነዋ! ጋቢውን የሠራው የማን እጅ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ የሺጥላ ማኅበሩን ተወ፤ ለባየውም ሰላምታው በአንገት ብቻ ሆነ።

«ስልክህ ሰፈሩን ይጣራል፣ አንተ የለህም እንዴ?»

«አለሁ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«የመወርወሪያ ድምፅ የሌለው ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ባየው ዱላውን አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጨለማው እስኪገለጥለት ቆመ። «ኧረ በስመ አብ! ምን ልትሆን ገባህ?»

«አረፍ ብዬ ነው።»

«እዚያ ውስጥ? መቃብር እንኳ እግር ያስዘረጋል።»

«ሂድ፣ ሱቅህን ጠብቅ።»

ባየው መደቡ ላይ ያለውን ስልክ አየ። «ለሔራን ልንገራት።»

«እንዳትነካው!» አለ የሺጥላ። «ባየው... በማርያም ይዤሃለሁ።»

የማርያም ስም ከአፉ ሲወጣ መረረው። ለዚህ ሰው፣ በእሷ ስም!

ባየው አላስቸገረም። ዱላውን ጣለ፣ እያቃሰተ አፋፉ ላይ ተንበረከከና እጁን ዘረጋ። የሺጥላ እጁን አየው እንጂ አልያዘውም።

«ያን ጽዋ ታስታውሰዋለህ?»

«የቱን ጽዋ?»

«የጠረግኸውን። በማኅበሩ።»

ባየው ግንባሩን ቋጥሮ ከልቡ ፈለገ። «የሺጥላ ሙት፣ የትናንት እራቴንም አላስታውስ። ይልቅ እጅህን ስጠኝ።»

ረስቶታል! የሺጥላ ስንት ሌሊት ከጎኑ ሲያስተኛው የኖረውን በደል፣ ሰውየው በነጋታው ጥሎታል።

እጁን ሰጠ። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር፤ ገና ሲገፋ አዳለጠውና ተመልሶ ወደቀ። ባየው አየና የጋቢውን ጫፍ አነሣ። የሺጥላ ዓይኑን ጨፈነ።

እጁን ሊጠርግ ነው ብሎ ጠበቀ። ጨርቁ ግን የእጁ አንጓ ላይ ዞሮ ጠበቅ አለ። ዓይኑን ሲገልጥ የሁለቱም እጅ አንድ ላይ ተጠቅልሏል። ጋቢው ያው የማኅበሩ ዕለት ጋቢ ነው። ዳሩን እንዲያ ድርብ አድርጎ የሚሠራው የሺጥላ ብቻ ነው። ሳስቷል እንጂ አልተተረተረም።

«እኔ ልስብህ አልችልም፣ ወገቤ አይሆንልኝም» አለ ባየው። «አንተ ግፋ። እኔ አልለቅም።»

ገፋ። ጭኖቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከዚያ ከውስጥ፣ ክረምቱን ሁሉ ከተኛው ሥጋ ሥር፣ እሳት የመሰለ ነገር ተነሥቶ ወደ ወገቡ፣ ወደ ደረቱ ወጣ። ጆሮው ድረስ ልቡን ሰማው። ቀና አለ። ቆመ።

ቆመ እንጂ አልወጣም። አፋፉ ወገቡ ላይ ነው፤ እግሩን አንሥቶ እንዳይሻገር ጭኖቹ ይርዳሉ። ቢለቅ ይወድቃል። ባየውም ከተንበረከከበት መነሣት አቅቶት በአንድ እጁ መሬቱን ተመርኩዟል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«እሷ ናት?» አለ ባየው እያለከለከ።

«እሷ ናት።»

ሁለቱም ወደ መደቡ ዞሩ። ያረጀው ጋቢ በመካከላቸው እንደ አዲስ ድር ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል።