ከጉድጓዱ የምትናገረው

«እዚያ አይደለም!» አለ ጸጉር አስተካካዩ፤ መስታወት መቁረጫ ሱቄ የገባችው ሴትዮ ግን ወንበሩን ስባ ተቀምጣለች። ጓደኛችንን መኪና ገጭቶ ከገደለው ከአራት ወር ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነው። ጸጉር አስተካካዩ ደንግጦ ወደ እኔና ወደ ኤሌክትሪሻኗ ጓደኛችን አየ።

«እህቱ ነኝ» አለች። «ታላቅ እህቱ።»

አውቄያታለሁ። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ብቻዋን ቆማ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቀያሹ ጓደኛችን እህት እንዳለው እንኳ አናውቅም ነበር።

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ መስታወት የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። በቀጭን የቀያሽ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው። «ዕቃውን ሳነሳሳ አገኘሁት። አስማተኛ ይላል፤ ቁጥርም አለው። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ምን ሲሠራ እንደሚውል ንገሩኝ።»

ነገርኳት። ጨዋታ ነው፤ እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያሰቡት መሳካት አለመሳካቱን የምንጥለው ዳይስ ይወስናል። ትስቅብናለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«እና አስማተኛ ሁሉ አንድ ነው?»

«እሳቱ አንድ ነው፤ ምንጩ ነው የሚለየው» አለች ኤሌክትሪሻኗ፣ እንዲህ ስትጠየቅ ደስ ይላታል። «የእኔዋ ተምራ ነው። መጽሐፏን ተሸክማ ነው የምትዞረው፤ ከደነገጠች ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሁሉም ይጠፋባታል።»

«የእኔው ፊደል አልቆጠረም» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «በደሙ ነው ያለው፣ ከአያቱ ወርሶት። ካስነጠሰው መጋረጃ ይቃጠላል።»

«እንደ አባታችን ቁጣ በለኛ» አለች እህቱ። ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነው።

«ጸሎተኞችም አሉ» አለች ኤሌክትሪሻኗ። « ከራሳቸው ምንም የላቸውም፤ ከላይ ሲሰጣቸው ነው።»

«የእኔ ወንድም እንግዲህ የተማረው ይሆናል። ከመጽሐፍ ላይ ቀና ብሎ አያውቅም።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መልሱ የእኔ ነበር።

«አይደለም፣ እትዬ» አልኳት። «የእሱ ቃል ኪዳን ነው። ኃይሉን የምትሰጠው አንዲት ፍጡር አለች፤ እሱም በምትኩ የራሱ የሆነ ነገር ይሰጣታል።»

«ምን ሰጠ?»

ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በጨዋታው የሚሆነውን ሰው በፈጠረ ቀን፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ነው የነገረኝ። ልዋሻት አሰብኩ። ወረቀቱን በመዳፏ ደጋግማ እያቃናች ነበር፣ መታጠፊያው አልጠፋ እያላት። መዋሸት አቃተኝ።

«‹የእህቴን ድምፅ› ነው ያለኝ። ለጨዋታው የፈጠራት እህት መስላኝ ነበር።»

እጇ ቆመ። «መቼ?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«አባታችን የሞተ ጊዜ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ኦፕሬሽን እንዲደረግ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሱ መስክ ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም፣ ሐኪሙ ደግሞ አሁኑኑ ይላል። ምን ላድርግ? ፈረምኩ። አባታችን ከአልጋው አልተነሳም። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ‹ከዛሬ ወዲያ ድምፅሽን እንዳልሰማ› አለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ። አላሰማሁትም።»

ኤሌክትሪሻኗ ዳይሱን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አንስታ ኪሷ ከተተችው።

«ፍጡሯ ትናገራለች?» አለች እህቱ።

«ከደረቀ ጉድጓድ ሥር ሆና ነው የምትናገረው። የእሷን ድምፅ የማሰማው እኔ ነኝ።»

«እስቲ አሰማኝ።»

የፍጡሯን አነጋገር ያስተማረኝ ጓደኛችን ራሱ ነው። መጀመሪያ እንደ ነጎድጓድ አስጓራኋት፤ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። «አትጮህም አንተ! ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ አስተማሪ ናት ብለህ አስባት። ከመናገሯ በፊት አየር ትስባለች። በስሜ አትጠራኝም፣ ‹ሞኞ› ነው የምትለኝ። ኃይሏን ከመስጠቷ በፊት ደግሞ ‹በልተሃል?› ብላ ትጠይቀኛለች።» እኛም ከዚያ በኋላ ስንት ቅዳሜ ስቀንበታል፤ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ስለ ምሳ የምትጨነቅ! እሱ ግን አልለቀቀኝም። ቅዳሜ በቅዳሜ አረመኝ፣ አረመኝ። አንድ ቀን ልክ ሲመጣልኝ ግንባሩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ድገማት» አለኝ።

አየር ሳብኩ።

«ሞኞ» አልኩ። «በልተሃል?»

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ሰው መስታወት ውስጥ ራሱን ሳያስበው ሲያየው እንደሚሆነው ዓይኗ ፈጠጠ፣ እጇ ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። ጸጉር አስተካካዩ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። ከገባች ጀምሮ ስትናገር ለምን ክው እንደሚለኝ ያኔ ገባኝ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» አለች።

«አንድም ቅዳሜ አላለፈውም።»

«ስትጠራው ምን ይል ነበር?»

«አቤት።»

«አቤት ብቻ?»

«አቤት፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋል።»

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን አላጠፈችውም፣ ልትሄድም አልተነሳችም። ከመንገዱ በኩል የመኪና ጡሩምባ ሰማን፤ አለፈ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ወደ ማናችንም ሳትዞር፣ አየር ሳበች።

«ሞኞ» አለች።

አራታችንም ‹አቤት› እስኪል ጠበቅን።