የባሌ ልብ ፊልም

ባሌ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ለመታከም ሳይሆን ሐኪሙን ለማስተማር ነው። ያን ቀን ጠዋትም ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

ወጣቱ ሐኪም ባለፈው ሳምንት የተነሳውን የልብ ፊልም ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። ልቡ ይመታል፤ ደም ስሮቹ ይወዛወዛሉ።

"ሁለቱ ስሮች በጣም ጠብበዋል፣ አባቴ። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ወይ በፊኛ ከፍተን ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ እናስገባለን፣ ወይ ቀዶ ጥገና ነው።"

"እኔን ሽቦ? ስማ ልጄ፣ እኔ ራሴ ብረት ነኝ! ይልቅ ኪኒ..."

ሐኪሙ የጠበበውን ቦታ ለማሳየት ፊልሙን አቆመ። ባሌም ዝም አለ። ሰው አክብሮ ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ ገረመኝ። ፊልሙ ሲቀጥል፣

"...ኑን ጻፍልኝና ልሂድ!" አለ።

ሐኪሙ ፊልሙን እንደገና አቆመው። ባሌ አፉን እንደከፈተ፣ ጣቱን እንደቀሰረ ቀረ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ። ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል እንጂ ምንም አይሰማም።

ከፊልሙ ግርጌ የቀረውን ጊዜ የሚያሳየው መስመር ሊያልቅ የጥፍር ያህል ቀርቶታል።

"እናቴ፣" አለኝ ሐኪሙ በሹክሹክታ፣ "ላስቀጥለው ወይስ ይቆይ?"

ከመጣን ጀምሮ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተሸከምኩለትን ቦርሳ መሬት አስቀመጥኩ። ወንበሬን ስቤ ተመቻችቼ ተቀመጥኩና እግሬን አነባበርኩ።