የማድያት ቅባት

ወይዘሮ ሮማነወርቅ የምራታቸውን የድንቅቱን አገጭ ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ከፒያሳ ያስመጡትን የማድያት ቅባት ጉንጯ ላይ ለቀለቁት። ወዲያው እንደ እሳት ፈጃት። የሱሉልታ ፀሐይ በሣር አጨዳ ያጠቆረው ፊቷ ለእሑዱ ግብዣ መፍካት ነበረበት።

«ዋቃዮ! አቃጠለኝ፣ እማማ፤ ልታጠበው።»

«ቻይው! ልጄ የአውራጃ ግዛቱ ጸሐፊ ነው። ከነማድያትሽ ባልንጀሮቹ መሐል አትቀመጪም።»

ድንቅቱ ወደ በሩ አየች። ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ሰምቷል፣ ግን አልዞረም። የአማቷን እጅ ልታስለቅቅ ስትታገል ሻሻቸው ተንሸራተተ። ከጆሯቸው ሥር እስከ አንገታቸው ድረስ ቆዳቸው ተልጦ እንደ ለምጽ ነጥቷል።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሻሻቸውን መለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔንም የቀቡኝ አማቴ ናቸው» አሉ። «አታልቅሺ፤ እንባ ሲነካው ይብሳል።»

ከዚያም ሌላውን ጉንጯን ወደ ራሳቸው አዞሩ።